መናገር ሲያቅተን ስለ እኛ ማን ይወስናል?

በዲሴምበር 2005 በቴክሳስ ፕሌኖ በሚገኘው የቤይለር ሆስፒታል፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣች የ27 ዓመት የካንሰር ታማሚ የመተንፈሻ መሣሪያዋ ተነቀለ። ቤተሰቧ እናቷ ከአፍሪካ እስክትደርስ እንዲጠበቅ ለምኖ ነበር። እናትየዋ አልደረሰችም።

ይህ በሕግ የተፈቀደ ነበር። በ1999ኙ የቴክሳስ ሕግ መሠረት፣ ሐኪሙና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሕክምናው ተገቢ አይደለም ብለው ከወሰኑ፣ ቤተሰብ ሌላ ሆስፒታል የሚፈልግበት 10 ቀን ብቻ ነበረው። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ 25 ቀን ሆኗል። ቪዛ ጠብቃ ከጎንደር ለምትመጣ እናት ይህም አጭር ነው እላለሁ።

በዳላስና በፎርት ዎርዝ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ጤነኛ ሳላችሁ የሕክምና ውክልና፣ ማለትም መናገር ሲያቅታችሁ የሚወስንላችሁን ሰው የምትሰይሙበትን ሰነድ፣ ፈርሙ። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክር ወይም ኖተሪ ይበቃል። ውክልና ከሌለ ሕጉ በተራ ይሄዳል፦ የትዳር ጓደኛ፣ አዋቂ ልጆች፣ ወላጆች፣ ከዚያ የቅርብ ዘመድ። ለዓመታት አብሯችሁ የኖረ ጓደኛ በዚህ ተራ ውስጥ የለም። ተለያይታችሁ ያልተፋታችሁት ባል ግን የመጀመሪያው ነው።

አገር ቤት ክፉ ውጤት ለቤተሰብ ተነግሮ ከታማሚው ይደበቃል። እዚህ ሐኪሙ የሚያናግረው ታማሚውን ነው። «ለእኔ አትንገሩኝ፣ ለታላቅ እኅቴ ንገሯት» ማለት መብታችሁ ነው፤ አስቀድማችሁ ተናገሩና ይመዝገብላችሁ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ ማቅረብ አለበት። የእናቱን ካንሰር ለእናቱ እንዲያስረዳ ሕፃን ልጅ አታስቀምጡ።