ሸማቹ ኦርጋኒክ ምርት እንዲገዛ ምን ያስወስነዋል?

ለሞዴል አርሶ አደሮች የገበያ ሥልጠና የተዘጋጀ

መግቢያ

ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀት፣ ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ እንዲሁም ስለ ተባይ መከላከል በሌሎች ሥልጠናዎች ተነጋግረናል። ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ ግን «ያለ ኬሚካል ብናመርት ማን የተሻለ ዋጋ ይከፍለናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምርት ቢቀንስ ጉዳቱን የሚሸከመው አምራቹ ሲሆን፣ ተጨማሪ ዋጋ ለመክፈል ወይም ላለመክፈል የሚወስነው ግን ገዢው ነው። ስለዚህ አመራረታችንን ከመለወጣችን በፊት ገዢው እንዴት እንደሚወስን ማወቅ ያስፈልጋል።

1. ኦርጋኒክ ምርት ማለት ምን ማለት ነው?

ኦርጋኒክ ምርት የፋብሪካ ማዳበሪያና ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ኬሚካል ሳይገባበት፣ የአፈሩ ለምነት በኮምፖስት፣ በፍግ፣ በሰብል ፈረቃና በጥላ ዛፍ ተጠብቆ የሚመረት ነው። አገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን ለመዘርጋት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አውጥታለች።

ብዙ አርሶ አደሮች ቡናቸው ላይ ዩሪያ ጨምረው ስለማያውቁ «የእኛ ቡና ድሮም ኦርጋኒክ ነው» ይላሉ። በአመራረቱ እውነት ሊሆን ይችላል። በውጭ ገበያ ግን ምስክር ወረቀት የሌለው ቡና በኦርጋኒክ ስም አይሸጥም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለቡናና ለመሳሰሉት ቋሚ ተክሎች 3 ዓመት፣ ለዓመታዊ ሰብሎች ደግሞ ከመዘራታቸው በፊት 2 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል። በሽግግሩ ጊዜ አርሶ አደሩ በደንቡ መሠረት ያመርታል፤ ምርቱን ግን ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ አይችልም።

2. ሸማቹ የሚከፍለው ለማያየው ነገር ነው

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። ቲማቲም የሚገዛ ሰው መብሰሉንና መጠንከሩን በዓይኑና በእጁ ይለያል። የማርን ጣዕም ቀምሶ ያውቃል። ምርቱ ኬሚካል የተረጨ መሆን አለመሆኑን ግን አይቶም ሆነ ቀምሶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በሌላ ምልክት ይፈርዳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሐበሻ እንቁላል ነው። የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል ያንሳል፤ ሆኖም ብዙ ሸማች የበለጠ ዋጋ ከፍሎ ይገዛዋል። «ዶሮዋ ጓሮ ለቅማ ያደገች ናት፣ ጣዕሙም ይሻላል» ብሎ ያምናል። ምልክቶቹ የእንቁላሉ ማነስ፣ የቅርፊቱ ቀለምና የአስኳሉ ቢጫነት ናቸው። ይሁን እንጂ አስኳልን ቢጫ የሚያደርገው ዶሮዋ የምትመገበው ቅጠልና ቢጫ በቆሎ እንጂ ዝርያዋ አይደለም። ምልክት ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው። ሸማቹ አንድ ጊዜ እንደተሳሳተ ከተረዳ በምልክቱ ላይ የነበረው እምነት ይጠፋል፤ ተጨማሪ ዋጋ መክፈሉንም ያቆማል።

3. ውሳኔውን የሚመሩ አምስት ነገሮች

ሀ/ ጤና፦ ኦርጋኒክ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የራሱና የቤተሰቡ ጤና ነው። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆችና ሐኪም ስለ ምግባቸው ያስጠነቀቃቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠይቃሉ። አፈርንና ንብን መጠበቅ የሚያሳስበው ሸማችም አለ፤ ቁጥሩ ግን ያነሰ ነው።

ለ/ እምነት፦ ማር በስኳር፣ ቅቤ በሌላ ቅባት፣ በርበሬ በባዕድ ነገር እንደሚቀላቀል ሸማቹ ሰምቷል። ስለዚህ «ማን አመረተው? ከየት መጣ? ማን መሰከረ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሐ/ ዋጋ፦ ሰዎች ሲጠየቁ «ኦርጋኒክ እገዛለሁ» ይላሉ፤ ገንዘብ ሲያወጡ ግን ብዙዎቹ ርካሹን ይመርጣሉ። ይህ በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ደጋግሞ የታየ ነው። ስለዚህ የሸማቹን አድናቆት እንደ ትዕዛዝ አትቁጠሩት።

መ/ መልክ፣ ጣዕምና ትኩስነት፦ ኦርጋኒክ መሆኑ ተባይ የበላውን ወይም የጠወለገውን ጎመን አያሸጥም። ሸማቹ ጥቂት የመልክ ጉድለት ሊታገስ ይችላል፤ ብልሽትን ግን አይታገስም።

ሠ/ አቅርቦት፦ ዛሬ አግኝቶ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያጣ ደንበኛ ወደ ቀድሞ ሻጩ ይመለሳል። ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚቀርብ ምርት ደንበኛን ያጸናል።

4. ከጆንያ የተገኘ ትምህርት

ጃፓን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ነበረች። በ2000 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላከ የኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ፤ የጃፓን ግዢም በእጅጉ ቀነሰ። ለቅሪቱ ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው ቡናው የተሞላበት ጆንያ መበከሉ ነው። እንግዲህ ማሳው ላይ ኬሚካል ያልረጨ አርሶ አደርም የጉዳቱ ተካፋይ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ንጽሕና በማሳ አያበቃም፤ በማድረቂያው፣ በጆንያው፣ በመጋዘኑና በመኪናው ላይም መጠበቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ገዢው እምነት ሲያጣ የሚሸሸው ከአንድ ሰው ሳይሆን ከአካባቢው ምርት ሁሉ ነው። በእኛ አካባቢ ጫትና ቡና ጎን ለጎን ስለሚለሙ ይህ በቀጥታ ይነካናል። ለጫት የተረጨ ኬሚካል በነፋስ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ጫት የተረጨበት መርጫም ቅሪቱን ይዞ ወደ አትክልት ማሳ ይገባል። ዲዲቲን ደግሞ ለማንኛውም ሰብል መጠቀም የተከለከለ ነው።

5. የትኛው ገዢ ምን ይፈልጋል?

በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ገበያ የሚገዛ ሸማች ሻጩን በመልክ ያውቃል። እርሱ የሚፈልገው ወረቀት ሳይሆን የታወቀ ሰው ቃል ነው። ይህን ምርት ኦርጋኒክ ከማለት ይልቅ «ኬሚካል አልተረጨበትም፣ በኮምፖስት የበቀለ ነው፣ መጥታችሁ ማሳዬን እዩ» ማለት ይሻላል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያሉ ሱፐርማርኬቶችና ሆቴሎች ማሳችሁን አያዩም። በደረጃ የተለየ፣ በንጽሕና የታሸገ፣ የአምራቹ ስምና ቦታ የተጻፈበትና በቀጠሮው ቀን የሚደርስ ምርት ይፈልጋሉ።

የውጭ ገዢ ምስክር ወረቀትና ምርቱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ ይጠይቃል። የምስክር ወረቀት ወጪ ለአንድ አባወራ ከባድ ስለሆነ መንገዱ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ነው። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ኦርጋኒክ ቡና ለውጭ ገበያ የሚያቀርበው በአባል ማኅበራቱ አማካይነት ነው።

6. ከመወሰናችሁ በፊት አስሉ

ለስሌት ያህል፣ አንድ ማሳ በማዳበሪያ 10 ኩንታል ይሰጣል እንበል። ያለ ማዳበሪያ 8 ኩንታል ከሰጠ፣ ያንኑ ገቢ ለማግኘት እያንዳንዱ ኩንታል በ25 በመቶ ተወድዶ መሸጥ አለበት። ከማዳበሪያና ከኬሚካል የተረፈውን ወጪ ቀንሱ፤ ለኮምፖስትና ለአረም የሚጨምረውን ጉልበት ደምሩ። ከዚያ የገዢውን ዋጋ አነጻጽሩ። ዋጋው ካልሸፈነ መላውን ማሳ አትቀይሩ።

7. የሚከናወኑ ተግባራት

1ኛ/ ገዢውን አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ በትንሽ ማሳ ጀምሩ።
2ኛ/ ኬሚካል ከሚረጭበት ማሳ ጋር የሚያዋስነውን ድንበር በቁጥቋጦ ወይም በሣር ለዩ። ጎረቤት የሚረጭበትን ቀን እንዲያሳውቃችሁ ተስማሙ። መርጫ አትዋሱ።
3ኛ/ ቡናን ከመሬት በላይ በተሠራ አልጋ ላይ አድርቁ። ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጆንያ ለምርት አትጠቀሙ።
4ኛ/ ማሳው ላይ የገባውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር መዝግቡ። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት።
5ኛ/ መርጨት ግድ ከሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አማክሩ። ከርጭት በኋላ በመለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ጠብቁ። የተረጨውን ምርት «አልተረጨም» ብላችሁ አትሽጡ።
6ኛ/ በማኅበር ስትሸጡ አባላት አንዳቸው የሌላቸውን ማሳ ይጎብኙ። ደንብ የጣሰ አባል ምርት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል አስቀድማችሁ ወስኑ።

ማጠቃለያ

ሸማቹ ተጨማሪ ብር የሚከፍለው ዓይኑ ሊያረጋግጥ ለማይችለው ነገር ስለሆነ፣ የሚገዛው የአምራቹን ቃል ነው። በአንድ ቀበሌ አንድ ሰው ቃሉን ቢያፈርስ የሁሉም ምርት ይጠረጠራል። ስለዚህ የምርታችሁን ስም መጠበቅ የእያንዳንዱ አምራችና የማኅበሩ የጋራ ሥራ ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ/ በቀበሌያችሁ ያለ ኬሚካል የሚመረተው ምርት የትኛው ነው? አሁን ማን ይገዛዋል?
ለ/ ገዢው «በምን ልመንህ?» ቢላችሁ ምን ታሳያላችሁ?
ሐ/ ከማኅበራችሁ አባላት አንዱ በድብቅ ቢረጭ ምን ታደርጋላችሁ?