ነጥብ ሲወርድ ሕመሙ ቀነሰ ማለት ነውን?



ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ለሥነ ልቦና ሕክምና የሚመላለሱ አንዲት እናት አሉ እንበል። የድባቴ መለኪያው ፒኤችኪው-9 ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3፣ በድምሩ እስከ 27 ነጥብ ይይዛሉ። እናታችን በመጀመሪያው ቀን 15፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ 11 አስመዘገቡ። ተሽሏቸዋልን?

እኔ ለመመለስ አልቸኩልም። መጠይቁ በአገራችን የተፈተሸው በዋናነት ድባቴ ያለበትን ከሌለበት ለመለየት ነው። በዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት መለያ ነጥቡ 10 ሲሆን፣ በ2015 በታተመው የቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች ጥናት 5 ሆኗል።

ሕመምን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ለውጡን መከታተል ሌላ። ሕመሙ ባልተለወጠ ሰው ላይ ሲደገም ነጥቡ ምን ያህል ይዋዥቃል? የ4 ነጥቡ ልዩነት ከዚህ መዋዠቅ ካልበለጠ መሻልን አያስረዳም። ስለ ምግብ ፍላጎት የሚቀርበው ጥያቄም በሁዳዴ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከሕመሙ ይልቅ ጾሙን ሊያሳይ ይችላል። ጠያቂው ራሱ ሐኪማቸው ከሆነ ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ።

ስለዚህ በቅድሚያ ታካሚዎች ጥያቄዎቹን እንዴት እንደተረዷቸው በራሳቸው ቃል ይንገሯችሁ። ሕክምናው ሳይጀመር መጠይቁን በአጭር ጊዜ ልዩነት ሁለት ጊዜ አስሞሉ። ከዚያም የነጥቡን ለውጥ ከባለሙያ ምዘናና ከዕለት ኑሯቸው ጋር አነጻጽሩ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነውና፣ ድምሩ ቢወርድም መልሱን ለብቻው ተመልከቱ።

ባልተፈተሸ ቁጥር «ድነዋል» ብለን ብናሰናብታቸው፣ ሕመማቸውን ይዘው ወደ አንኮበር ይመለሳሉ።