የከርነል ግንባታ መዝገብ ከዕቃው ጋራ ሊጓዝ ይገባዋል

በየመደብሩ ከሚሸጡት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ብዙዎቹ፣ የአንድሮይድ ስልክም ሆነ ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ራውተር፣ ሊኑክስ በተባለው ከርነል የሚሠሩ ናቸው። ከርነል ማለት በመሣሪያው አካልና በፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሥራን የሚያደላድል የሥርዐቱ እምብርት ነው። ሊኑክስን በ1991 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) የጀመረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው።

ይሁን እንጂ የሊኑክስን ስም የያዙ ሁለት ዕቃዎች በውስጣቸው አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። በከርነሉ ምንጭ ውስጥ ከ10,000 የሚበልጡ ምርጫዎች አሉ። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል ከከርነሉ ጋራ አዋሕዶ ያስገባዋል፤ ወይም ሲፈለግ ብቻ የሚጫን ሞጁል ያደርገዋል፤ ወይም ፈጽሞ ይተወዋል። ውሳኔው ሁሉ «ኮንፊግ» በተባለ አንድ ፋይል ይጻፋል። ይህ ፋይል ለከርነሉ፣ የዕቃ ዝርዝር ለታሸገ ሣጥን እንደ ሆነው ማለት ነው።

መዝገቡ ስለ ምን እንደሚጠቅም በየካቲት 2017 የሆነው ነገር ያስረዳል። ዲሲሲፒ የተባለውን የመገናኛ ደንብ በሚያስፈጽመው የከርነሉ ክፍል ውስጥ፣ ከ2005 ጀምሮ ሳይታወቅ የኖረ ስሕተት በዚያን ጊዜ ተገለጸ። በስሕተቱ ምክንያት በመሣሪያው ላይ ተራ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የባለቤቱን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። አደጋው ግን ያን ክፍል ባካተቱ ከርነሎች ላይ ብቻ ነበር። መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው አንድ መሥመር አንብቦ የራሱን ኹኔታ ለማወቅ ይችላል፤ መዝገብ የሌለው ግን ዕቃውን አንድ በአንድ እስኪመረምር ድረስ በጥርጣሬ ይቈያል።

የመዝገቡ አያያዝ አስቸጋሪ አይደለም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ፋይሉን ከከርነሉ ጎን፣ የእትሙን ቍጥር ጽፈው ያስቀምጡታል። ሠሪው ከፈቀደም ከርነሉ መዝገቡን በራሱ ውስጥ ይዞ፣ በሥራ ላይ ሳለ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን አዲስ እትም አዲስ ምርጫዎችን ያመጣል፤ ሠሪው አስቦ ካልወሰነ አስቀድሞ የተሰናዳው መልስ ይገባል። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ መዝገብ በየጊዜው መተያየት አለባቸው። ለዚህም የሚሆን ማነጻጸሪያ ከከርነሉ ምንጭ ጋራ ይገኛል፤ ለውጡን በቀን ለመመዝገብ ደግሞ ቶርቫልድስ በ2005 ያወጣው ጊት ያገለግላል።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካ ሌላም ነገር አለ። ሊኑክስ የሚሰራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ፣ ከርነሉን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሁሉ ምንጩንና የግንባታውን ትእዛዝ ለተቀባዩ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በ2004 በጀርመን አገር የሙኒክ ፍርድ ቤት፣ ይህን ፈቃድ ሳያከብር ራውተር ይሸጥ በነበረ ድርጅት ላይ እገዳ አጽንቷል። እንግዲህ አስመጪው መዝገቡን ከላኪው የመጠየቅ መብት ሲኖረው፣ ዕቃውን በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ ኀላፊነቱ ወደ እርሱ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ አስመጪዎች ዕቃ ሲያዝዙ የከርነሉ እትም ቍጥር፣ የግንባታው መዝገብና ወደ ፊት በየእድሳቱ የሚደረገው ለውጥ እንዲላክላቸው በውሉ ውስጥ ቢያስጽፉ፣ መዝገቡንም ከፋክቱሩ ጋራ ቢያኖሩት ይበጃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ የሻጭ ተስፋ ቃል በችግር ቀን የጽሑፍ ማስረጃን ሊተካ አይችልም።