እውነት ወይስ ተረት? «ድሮ ደብዳቤ የነገሥታት ብቻ ነበር»

«በነምኒልክ ዘመን ደብዳቤ የሚልከው ንጉሥ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው ናፍቆቱን በሆዱ ይዞ ይኖር ነበር» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እንዲህ አልነበረም።

ወሬው የጸናበት ምክንያት አለው። ተጠብቆ የደረሰን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ስለ አገራቸው ወሰን ለአውሮፓ መንግሥታት የላኩት ደብዳቤ በየታሪክ መጽሐፉ ይጠቀሳል። የእናት ደብዳቤን ግን ማን መዝገብ ቤት ያስገባዋል? ጭስና ምስጥ ጨርሶታል። የመንግሥት ፖስታ በ1886 ዓ.ም. መቋቋሙም ከዚያ በፊት ምንም ያልነበረ ያስመስላል፤ ወረቀት ግን በነጋዴና በመልእክተኛ እጅ ይሄድ ነበር።

እስቲ ወይዘሮ ላቂያዬን አስቧቸው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ልጃቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ፤ የሰባት ዓመቱ የእቴጌዪቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ባሕር ተሻገረ። አያቲቱ ለልጅ ልጃቸው ደብዳቤ ላኩለት። ጉዳዩ ወሰን አይደለም፣ ውል አይደለም፤ የቀራቸው እሱ ነበር። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ደብዳቤ ይህ ነው። ተርፎ የተገኘውም፣ እንደሚመስለኝ፣ ተቀባዩ የንጉሥ ልጅ ስለሆነ ነው። ተቀባያቸው የንጉሥ ልጅ ያልሆነ ስንት አያቶች ነበሩ?

«ፊደል ያልቆጠረ ምን ደብዳቤ አለው?» የሚሉም አሉ። ነገሥታቱም እኮ ያስጽፉ ነበር! ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ተቀባዩ ማንበብ ካልቻለ ደብተራ ወይም ዲያቆን ያነብለታል።

ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም። በ2006 ዓ.ም. ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተከፈተው በጋምቤላው ትየርኪዲ የመጠለያ ጣቢያ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባል ወረቀት አለ። አይታሸግም፤ የሚሰፍርበት የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው፤ ፖለቲካና የጦር ነገር እንዳይገባበት ሠራተኞች ያነቡታል። መጻፍ ለማይችል ይጻፍለታል። ሥራው ራሱ የተጀመረው በወይዘሮ ላቂያዬ ዘመን ነው፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ ቀይ መስቀል ባዝል ከተማ ቢሮ ከፍቶ የምርኮኞችንና የቤተሰቦቻቸውን ደብዳቤ ያደርስ ነበር።

«ስልክ እያለ?» ትሉ ይሆናል። ስልክ የሚደወለው ቁጥሩ ለታወቀ ሰው ነው። በሽሽት መሀል ልጇ የጠፋባት እናት የምታስጽፈው የልጇን ስም፣ የአባቱን ስምና የመጡበትን መንደር ነው፤ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች በዚያ ይፈልጉታል።