በነሐስ በር ላይ የተቀረጹ ኢትዮጵያውያን

በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መካከለኛ በር የነሐስ ነው፤ ቀራጺው ፊላሬቴ እ.ኤ.አ. በ1445 ጨረሰው። በሩ ላይ በሪሊፍ፣ ማለትም ከነሐሱ ገጽ ጎልቶ በሚወጣ ቅርጽ፣ ከግብፅና ከኢትዮጵያ የመጡ መነኮሳት በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቀርበው ይታያሉ። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። ይሁንና ኢትዮጵያውያኑን እ.ኤ.አ. በ1441 በፍሎረንስ ወደተካሄደው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የላካቸው በኢየሩሳሌም የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አበምኔት ኒቆዲሞስ ነው፤ አውሮፓውያን ግን የንጉሡ መልእክተኞች አድርገው ተቀበሏቸው። ቅርጹ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

ሥዕልም እንደ ቅርጹ በጥያቄ ይመረመራል፤ እናንተም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በቀበሌያችሁ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ሥዕል ስታዩ የሮማ ወታደሮችን ልብ በሉ። ሠዓሊው ምን አለበሳቸው? ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ ወይስ ፊታቸው ከጎን ተስሎ አንዱ ብቻ?