የፖርሽ 914 የነዳጅ መስመር፦ ፋሼታ ማጥበቅ ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1976 የተመረተው ፖርሽ 914 ባለአራት ሲሊንደር ሞተሩን ከፎልክስዋገን በመውሰዱ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲናቅ የኖረ፣ ነገር ግን ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ጀርባና ከኋላ እግሩ ፊት በመቀመጡ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚያሳየው ሚዛን ብዙ ውድ መኪኖችን የሚያስከነዳ ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ነው። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ስለሚገኝ ቤንዚኑ በመቀመጫዎቹ መካከል ባለው የወለል ዋሻ አልፎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ የተረፈውም በሌላ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

በ1.7 እና በ2.0 ሊትር ሞተሮቹ ላይ የተገጠመው ዲ-ጄትሮኒክ፣ ማለትም የቦሽ ኩባንያ ቤንዚንን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ በኢንጀክተር የሚረጭበት ሥርዓት፣ ወደ 2 ባር በሚጠጋ ግፊት ስለሚሠራ፣ በካርቡሬተር መኪና ላይ ጠብታ ብቻ የሚያሳይ ስንጥቅ እዚህ ቤንዚኑን አድቅቆ በጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል።

ስለዚህ መስመር ከሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች ሁሉ የከፋው ፍሳሽ በታየበት ቦታ ፋሼታውን፣ ማለትም ጎማውን ከብረት ቱቦው ጋር የሚያስረውን ቀለበት፣ በካቻቢቴ ማጥበቅ ጥገና ነው የሚለው ነው። መጋጠሚያውን የሚደፍነው ፋሼታው ሳይሆን ጎማው ራሱ ነው፤ ጎማ ሲጨመቅ መልሶ ስለሚገፋ በብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ ፋሼታውም ይህን ግፊት ያግዛል እንጂ አይተካውም። ሙቀትና ዕድሜ ያደረቁት ጎማ ግን መልሶ የመግፋት ኃይሉን አጥቷል። በጠበቀ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ዝም ይልና፣ ሞተሩ ሲግልና ሲቀዘቅዝ በፋሼታው ጠርዝ ሥር ይሰነጠቃል። ጎማውን በጣት አጠፍ አድርጎ ያንን ጠርዝ የተመለከተ ሰው ቀጫጭን ስንጥቆቹን በዓይኑ ያያል። ጥርስ ለመንከስ የተበሳ ቀዳዳ ያለው ተራ ፋሼታ ደግሞ ጎማውን በየቀዳዳው እየጎተተ ስለሚቆርጠው ጉዳቱን ያፋጥናል፤ ለዚህ ሥራ የተሠራው ቀዳዳ የሌለው፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ በብሎንና በዳዶ የሚጠብቅ ነው። ፍሳሽ ባዩ ቁጥር ካቻቢቴ የሚያነሱ መካኒኮች፣ ዋጋው ትንሽ የሆነን ጎማ ላለመቀየር የሰውን ሕይወት ለአደጋ እያጋለጡ መሆናቸውን ሊገነዘቡ ይገባል።

አዲሱም ጎማ ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይመረጥም። ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ የውስጥ ሽፋኑ ፍሎሪን ካለበት ሰው ሠራሽ ጎማ ስለተሠራ ኤታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን ከተለመደው ጎማ በተሻለ ይቋቋማል።

በዋሻው ውስጥ ከማርሽ ዘንግና ከፍሪሲዮን ገመድ ጋር የተዘረጉት ሁለቱ ቱቦዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ፕላስቲክ ነበሩ። ከ50 ዓመት በኋላ ይህ ፕላስቲክ ደርቆ፣ ገመድ ለመቀየር የገባ እጅ ሲነካው ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ በሞተሩ ዙሪያ የሚታየውን ጎማ ብቻ ቀይሮ መስመሩ ታድሷል ማለት ተሳፋሪዎቹ አጠገብ ያለውን አደጋ መርሳት ነው። ብዙ ባለሙያዎች በማይዝግ ብረት ይተኳቸዋል፤ ይሁንና ቱቦው የመኪናውን ገላ በሚያቋርጥበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ካልገባለት ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ አዲሱም ይበሳል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በአየር በሚናፈስ ቦታ ባትሪውን በመፍታትና ታንኩን በማራገፍ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ሊቀር ስለሚችል የመጀመሪያው መጋጠሚያ በጨርቅ ተሸፍኖ ይፈታል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ደጋግሞ ይከፈታል፤ ፓምፑ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ ግፊት ስለሚሰጥ፣ በየመጋጠሚያው የተጠመጠመ ደረቅ ነጭ ወረቀት እርጥበት ካሳየ ያ መጋጠሚያ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል።