ውጤቱ የታወቀ ግጥሚያ፣ ያላለቀ ክርክር
በወልቂጤና በቡታጅራ የመስቀል ሰሞን የቡጢ ወግ

ጆርጅ ፎርማን በስምንተኛው ዙር ተዘረረ፡፡ ይሄ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ነገር ግን መስከረም ጠብቶ የመርካቶ ሰው ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ፣ ወልቂጤ ላይ ክትፎው ቀርቦ ቆጮው ሲቆረስ፣ ግጥሚያው ትናንት ማታ የተደረገ ይመስል ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሳል፡፡ «ፎርማን ደክሞት ነው እንጂ አሊ ምን አደረገው?» የሚል አይጠፋም፡፡ «ያደከመውስ ማን ሆነና!» የሚለው መልስ ደግሞ ወዲያው ይከተላል፡፡

ወልቂጤና ቡታጅራ የኳስ ከተሞች ናቸው፡፡ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው ወልቂጤ በ2011 ዓ.ም ክለቧን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አሳልፋ ለዓመታት ከትላልቆቹ ጋር አጫውታለች፡፡ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራም ከኳስ ጋር ያላት ፍቅር የሚታማ አይደለም፡፡ ቅዳሜና እሁድ በሁለቱም ከተሞች የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ዲሽ ያለበትን ቤት ሞልቶ ይውላል፡፡ በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ግን ከአዲስ አበባ የሚመለሱት ታላላቆች ሌላ ጨዋታ ይዘው ይመጣሉ፡፡ የእነሱ ሊግ የሚካሄደው በአራት ማዕዘን ገመድ ውስጥ ነው፡፡ ኮከቦቹም አሊ፣ ፍሬዘር፣ ፎርማንና ታይሰን ናቸው፡፡

በጆሮ የታየው ፍልሚያ

የቀድሞዎቹ የቡጢ አፍቃሪዎች ትላልቆቹን ግጥሚያዎች በቀጥታ አላዩዋቸውም፡፡ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ቢጀምርም ለክፍለ ሀገር ከተሞች ያኔ ሩቅ ነገር ነበር፡፡ ወሬው የሚደርሰው በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ ከዚያም ከከተማ በመጣ ሰው አፍ ነው፡፡ ሰውየው አውቶቡስ ላይ ሳለ አንድ ቡጢ የነበረው ሰፈር ሲደርስ ሦስት ቡጢ ቢሆን ማን ያርመዋል? የዛሬው ጭቅጭቅ ሥሩ ይሄ ነው፡፡ ሁሉም የራሱን ግጥሚያ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ስሎ ነው ያደገው፡፡

ወጉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እ.ኤ.አ ከማርች 8 ቀን 1971 ነው፡፡ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፡፡ አሊም ፍሬዘርም እስከዚያ ቀን ተሸንፈው አያውቁም፡፡ እያንዳንዳቸው የተከፈላቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለጊዜው ተሰምቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው፡፡ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር በግራ እጁ የለቀቀው ቡጢ አሊን መሬት ላይ አስቀመጠው፡፡ አሊ ወዲያው ቢነሳም በነጥብ ተሸነፈ፡፡

የአሊ ደጋፊ እዚህ ላይ ዝም አይልም፡፡ «ሦስት ዓመት ተኩል ከሪንግ አግደውት የመጣ ሰው እኮ ነው!» ይላል፡፡ ልክ ነው፡፡ አሊ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ እ.ኤ.አ በ1967 ቀበቶውንም የመጫወቻ ፈቃዱንም ተነጥቆ እስከ ኦክቶበር 1970 ድረስ አልተጋጠመም፡፡ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ያለው፣ ቦክሰኛ እሳት የሚሆንበት ዕድሜ ባዶውን አለፈ፡፡ በሁለቱም ከተሞች ይሄን ታሪክ በቃሉ የሚወጣ ሽማግሌ አይታጣም፡፡ ይሄ የሦስት ዓመት ተኩል ጉዳይ ወደ በኋላ ስለሚመለስ ይያዝልን፡፡

ከዚያ ኪንሻሳ ይመጣል፡፡ የወጉ ሁሉ ንጉሥ እሱ ነው፡፡ ግጥሚያው መጀመሪያ የተያዘለት ቀን መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም ነበር፡፡ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፡፡ ፎርማን ልምምድ ላይ ዓይኑ አጠገብ ተሰነጠቀና ወደ ጥቅምት 20 ተላለፈ፡፡ ያን ጊዜ አገራችን ውስጥ የነበረውን ማስታወስ ነው፡፡ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን ነው፡፡ ሬዲዮ የሚከፈተው የደርግን መግለጫ ለመስማት በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ በመካከል ከአፍሪካ ምድር አንድ የቡጢ ወሬ ገባ፡፡

ወሬው የሚታመን አልነበረም፡፡ የ25 ዓመቱ ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም ያሸነፈ፣ 37ቱን ደግሞ ከዳኞች ነጥብ በፊት የጨረሰ ሰው ነው፡፡ አሊን ያሸነፈውን ፍሬዘርን እ.ኤ.አ በ1973 ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ መሬት አስነክቶታል፡፡ አሊ ደግሞ 32 ዓመት ሞልቶታል፡፡ 60 ሺህ ያህል ሕዝብ «አሊ ቦማ ዬ!» እያለ በሚጮህበት ስታዲየም አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ፣ ፎርማን እስኪበቃው እንዲመታው ፈቀደለት፡፡ ፎርማን መታ፣ መታ፣ እጁ ዛለ፡፡ በስምንተኛው ዙር ማብቂያ አሊ ከገመዱ ወጥቶ ዘረረው፡፡

የአሊ ወገን ያ ገመድ ላይ መደገፍ ብልጠት ነው ይላል፡፡ ሌላው ወገን ገመዱ ላልቶ ስለነበር ነው ይላል፡፡ ኳስ ወዳዱ ይሄን በቀላሉ ይረዳዋል፡፡ 90 ደቂቃ ተከላክሎ በአንድ መልሶ ማጥቃት የሚያሸንፍ ቡድን ጎበዝ ነው ወይስ ዕድለኛ? ክርክሩ ያው ነው፡፡

የመስቀል ሰሞን ሰው ግን ከሁሉ በላይ የራሱ የሚያደርገው የማኒላውን ነው፡፡ ምክንያቱም ቀኑ መስከረም 20 ቀን 1968 ዓ.ም፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነበር፡፡ በጉራጌ አገር ብርንዶው ገና ሳያልቅ አሊና ፍሬዘር በፊሊፒንስ ሙቀት ለ14 ዙር ተጨራረሱ፡፡ የፍሬዘር ዓይን አብጦ ማየት ሲሳነው አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ለ15ኛው ዙር እንዳይነሳ ከለከለው፡፡ ፍሬዘር ልውጣ እያለ ነው የተከለከለው፡፡ አሊ አሸናፊ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ እሱም መሬት ላይ ተዘረጋ፡፡ አሠልጣኙ ትክክል ነበር ወይ? ግማሹ «አንድ ዙር ምን አላት?» ይላል፡፡ ልጅ ያሳደገው ደግሞ «ነፍስ ትበልጣለች» ይላል፡፡ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፡፡

የካሴቱ ትውልድ

ከ1980ዎቹ ወዲህ ያደገው ሌላ ሰው ነው፡፡ ይሄኛው ቡጢን ያየው በቪዲዮ ቤት ነው፡፡ አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ፣ ከመርካቶ የመጣ በስንት እጅ የተገለበጠ ካሴት፡፡ ከካራቴና ከሕንድ ፊልም መሃል የማይክ ታይሰን ካሴት ሲገባ ቤቱ ይሞላል፡፡

ታይሰን እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1986 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ገና 20 ዓመት ከአራት ወሩ ነበር፡፡ ይሄ የዕድሜ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም፡፡ እ.ኤ.አ በ1988 ማይክል ስፒንክስን የጨረሰው በ91 ሰከንድ ነው፡፡ ሳንቲሙን ከፍሎ፣ ወንበር ፈልጎ ሳይቀመጥ ያለቀበት ሰው ምን ይበል? «መልሰው!» ነዋ፡፡ ካሴቱ ይጠነጠናል፣ ስፒንክስ እንደገና ይወድቃል፡፡

ከዚያ ቶኪዮ መጣ፡፡ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም፡፡ 37 ግጥሚያ ተሸንፎ የማያውቀው ታይሰን እናቱን ከቀበረ ወር ባልሞላው በበስተር ዳግላስ በአሥረኛው ዙር ተዘረረ፡፡ አቋማሪዎቹ ለዳግላስ የሰጡት ዕድል 42 ለ1 ነበር፡፡ የታይሰን ደጋፊ ግን ስምንተኛውን ዙር ይዞ ይሟገታል፡፡ በዚያ ዙር ዳግላስ ወድቆ ነበርና «ዳኛው ቀስ ብሎ ባይቆጥር ኖሮ አልቆ ነበር» ይላል፡፡ ኳስ ሜዳ ላይ «ኦፍሳይድ ነበር» እንደማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1997 የሆሊፊልድን ጆሮ ነክሶ በሦስተኛው ዙር ከውድድር የተባረረበትን ግን አጥብቆ የሚከላከልለት ሰው ብዙም የለም፡፡ እዚያ ላይ ሲደርስ ሳቅ ይሆናል፡፡

ስለዚህ የሁለቱ ትውልዶች ትልቁ ጥያቄ «አሊ ወይስ ታይሰን?» ነው፡፡ እንደ ፔሌና ማራዶና መልስ የለውም፡፡ አንደኛው የሰማውን፣ ሌላው ያየውን ይዞ ይከራከራል፡፡ ሁለቱን ወገን አንድ የሚያደርጋቸው ፎርማን ነው፡፡ በኪንሻሳ ከተዘረረ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም፣ በ45 ዓመቱ፣ ኪንሻሳ ላይ የለበሰውን ቀይ ቁምጣ ለብሶ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ፡፡ ለዚያ ሰው ሁለቱም ትውልድ እጁን ያነሳል፡፡ ፍሬዘር በ2004፣ አሊ በ2008፣ ፎርማን በመጋቢት 2017 ዓ.ም ዐረፉ፡፡ ክርክሩ ግን ባለቤቶቹን ተሻግሮ ቀጥሏል፡፡

የእኛዎቹስ?

የቡጢ ወግ እዚህ ሲደርስ አንድ ወጣት ጥያቄ ቢያነሳ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፡፡ «የኛ አገር ቦክሰኛስ?»

አሊ ሦስት ዓመት ተኩል መነጠቁን በቃሉ የሚያውቀው ሰው፣ የኢትዮጵያ ቦክሰኞች ስንት ዓመት እንደተነጠቁ ቆጥሮ አያውቅም፡፡ ይቆጠር፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ ቦክሰኞች አሰልፋለች፡፡ ቀጣዩ የ1976 ሞንትሪያል ነበር፡፡ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ የአፍሪካ አገሮች ሲወጡ ኢትዮጵያም ወጣች፡፡ በ1980 ሞስኮ ላይ ቦክሰኞቻችን ነበሩ፡፡ የ1984ቱን ሎስ አንጀለስ ከሶሻሊስት ጎራው ጋር፣ የ1988ቱን ሴኡል ከሰሜን ኮሪያ ጋር በማበር ቀረን፡፡ ከሙኒክ እስከ 1992ቱ ባርሴሎና 20 ዓመት ነው፡፡ በመሃል ከተደረጉት አራት ኦሊምፒኮች የተገኘነው አንዱ ላይ ብቻ ነው፡፡

በሩጫ የተከፈለው ዋጋ ይታወቃል፡፡ ምሩጽ ይፍጠር ሞንትሪያልን ተነጥቆ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ፡፡ በላይነህ ዴንሳሞ እ.ኤ.አ በ1988 ሮተርዳም ላይ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ በዚያው ዓመት ሴኡልን በሩቁ አየ፡፡ ይሄን ሁሉም ያወራል፡፡ የቦክሰኛው ጉዳይ ግን ከነጭራሹ አልተወራም፡፡ ቦክሰኛ አራት ዓመት ጠብቆ ሌላ አራት ዓመት መድገም አይችልም፡፡ ሚዛኑ ይለወጣል፣ እግሩ ይከብዳል፣ ሥራና ልጅ ይመጣል፡፡

ሴኡል ላይ ምን እንደሆነ ማየት ነው፡፡ ውድድሩ የተካሄደው ከመስከረም 7 እስከ 22 ቀን 1981 ዓ.ም፣ እንደገና በመስቀል ሰሞን ነበር፡፡ የጎረቤታችን የኬንያ ልጅ ሮበርት ዋንጊላ በ67 ኪሎ ፍጻሜ ፈረንሳዊውን ሎራን ቡዱዋኒን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ ወርቅ ወሰደ፡፡ ለኬንያ በቦክስ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው፡፡ የኛ ልጅ እዚያ ቢኖር ያሸንፍ ነበር ማለት አይቻልም፡፡ ያልተሰለፈ ሰው ግን መሸነፉም ማሸነፉም አይታወቅም፡፡ ቁጭቱ እሱ ነው፡፡ ኢትዮጵያ እስካሁን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በአትሌቲክስ ብቻ ነው፡፡ በ1996 ዓ.ም አቴንስ ላይ በ48 ኪሎ የተሰለፈውን እንዳልካቸው ከበደን እንኳ ስሙን ሲሰማ «እንዴ፣ ነበረን እንዴ?» የሚል የቡጢ አፍቃሪ አለ፡፡

ሌላም ችግር አለ፡፡ በአገራችን ቦክስ በብዛት የኖረው በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በማረሚያ ቤት ክለቦች ውስጥ ነው፡፡ ግጥሚያውን ያየው አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ነው፡፡ ካሴት የለውም፣ ቪዲዮ ቤት አልገባም፣ ከመርካቶ ተገልብጦ አልመጣም፡፡ የፎርማንን ውድቀት ዛሬ ቡታጅራ መናኸሪያ ቆሞ ስልክ የከፈተ ልጅ በሁለት ደቂቃ ያየዋል፡፡ የአገሩን ሻምፒዮን ግን ስሙን እንኳ ከየት እንደሚያገኘው አያውቅም፡፡

የሚገኘው ከሰው ነው፡፡ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆኖ፣ ሱቅ ጠብቆ፣ ማታ ማታ የአገር ውስጥ ቦክስ ለማየት የገባ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ለመስቀል አገር ቤት ይመጣል፡፡ አሊን ሳያየው የሚያወራ ይሄ ሰው የራሱን አገር ቦክሰኛ በዓይኑ አይቷል፡፡ የሚጠይቀው ስለጠፋ ነው የማያወራው፡፡ «ጋሼ፣ የኪንሻሳውን ሰምተነዋል፤ እስኪ እርስዎ ያዩትን ይንገሩን» ብሎ ስልኩን ለመቅረጽ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ልጅ ይበቃል፡፡ ስሙ፣ ክለቡ፣ ሚዛኑ፣ በስንተኛው ዙር እንደጣለ፡፡ ተሳስቶም ቢሆን የሚያርመው ሌላ ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጧል፡፡ መጨቃጨቁን እንደሆነ ያውቁበታል፡፡